ከደብረ ብርሃን እስከ አልዩ አምባ፦ ከዳማ ጋር በድሮው የሲራራ መንገድ

በእግር ለመሄድ ከዓመቱ ውስጥ መጸውን የሚያህል ወቅት የለም። ዝናቡ አልፏል። ጭቃው ጠንክሯል። ምንጮቹ ግን ገና አልነጠፉም፣ ሜዳውም አልደረቀም። ይህ ማስታወሻ የ2010 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ነው። ወርኃ ጽጌ ሳይወጣ፣ ከውሻዬ ከዳማ ጋር ከደብረ ብርሃን ተነስቼ፣ በአንኮበር አድርጌ፣ አልዩ አምባ ድረስ ወረድኩ።

መንገዱን የመረጥኩት በታሪኩ ነው። የሸዋ ነገሥታት የባሕር በር መውጫ ይህ ነበር። በዛሬዋ ጅቡቲ ካለው ከታጁራ ወደብ የተነሳ ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ በፋሬ ኬላ አልፎ አልዩ አምባ ይገበያያል። ከዚያ ወደ አንኮበር ዳገቱን ይያያዘዋል። ጨው፣ ጨርቅና ጠመንጃ ሽቅብ ይወጣል፤ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ባሪያ ቁልቁል ይወርዳል። አዲስ አበባ ሳትቆረቆር፣ የጅቡቲ ባቡር ሳይመጣ፣ ሸዋ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው በዚህ መስመር ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው አንኮበርን በመኪና ደርሶ፣ ፎቶ ተነስቶ በዚያው ቀን ይመለሳል። እኔ ግን ይህ መንገድ በእግር ካልተሄደ አልታየም ባይ ነኝ።

“ለምን መንዝ ጓሳ አትሄድም?” ያሉኝ ጓደኞች ነበሩ። ጓሳን እወደዋለሁ። ዳማን ይዤ ግን አልሄድም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም፤ ጓሳ ከቀሩት ጥቂት መኖሪያዎቹ አንዱ ነው። ባሌ ውስጥ ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል። ዳማ የተከተበች ናት። ቢሆንም የቀበሮ አገር ለቀበሮ ይተው።

ዳማ የሀገር ውሻ ናት። ቡናማ፣ ደረቷ ላይ ነጭ ያለባት፣ ጆሮዋ የማያርፍ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 24

ደብረ ብርሃን ማለዳ ላይ አጥንት ይሰብራል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ወር ሰማዩ ስለሚጠራ ሌሊቱ ሙቀቱን ሁሉ ይዞት ይሄዳል። የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ መተከሉ ማንንም አይገርምም። “በጥቅምት አንድ አጥንት” የሚባለውም ለዚህ ብርድ ነው፤ ዓርብ ሆኖ ጾም ነውና እኔ በትኩስ ሻይና በዳቦ ተወጣሁት። ሥላሴን ተሳልሜ ወጣሁ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ወርዶ አዩበት የተባለው፣ ከተማውም ስሙን ያገኘበት ቦታ ነው።

ከከተማው እንደወጣሁ መኪና የሚሄድበትን ትቼ የእግረኛውን መንገድ ያዝኩ። አገሩ ሜዳ ነው። ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ዳማ ውርጭ አይታ አታውቅም። መዳፏን አንስታ ታየዋለች፣ ትልሰዋለች፣ እንደገና ታየዋለች። ፀሐይ ትንሽ ከፍ ስትል ሜዳው ሁሉ ጤዛ ሆነ።

ገብሱ እየታጨደ ነው። በየማሳው ወንዶቹ በመስመር ተሰልፈው ማጭዳቸውን ይሰነዝራሉ፤ አንዱ ያዜማል፣ ሌላው ይቀበላል። ልጆች ነዶ ይሸከማሉ። የአደይ አበባ ወቅቱ እያለፈ ቢሆንም በየድንበሩ ጥቂት ቀርቷል። በማሳ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር “ኧረ ና ቅመስ!” ይሉኛል። ጠላው ከገንቦ በጣሳ ይቀዳል። ጠጥቼ፣ መርቄ፣ ቆሎዬን አካፍዬ አልፋለሁ።

ዋናው ጉዳይ ግን የመንደር ውሻ ነው። በገጠር ውሻ ጓደኛ አይደለም፣ ዘበኛ ነው። ስለዚህ ወደ ማንም ቤት የሚጠጋ ሰው ከሩቅ ይጣራል፦ “ቤቶች! ውሻ ያዙ!” ይህን ጥሪ ልጅ ሆኜ ከአያቴ ጋር ስሄድ እሰማው ነበር። አሁን እኔ ራሴ ውሻ ይዤ እጣራለሁ። ሰዎቹ ወጥተው ውሻቸውን ይይዛሉ፤ ከዚያ ዳማን ያያሉ፤ ከዚያ ጥያቄ ይመጣል። “የምን ውሻ ናት?” “ምን ትሠራለች?” “ታብዳለች እንዴ?” የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። በዚህ በሽታ ሰው የቀበረ ቤተሰብ በየመንደሩ አለ። የክትባት ደብተሯን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳያለሁ። አንድ አባት ደብተሩን አገላብጠው አይተው፣ “እኛስ ለውሾቻችን ይህን ከወዴት እናግኝ?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ክትባቱ አለ፣ ውድ አይደለም፣ ሰውንም ከሞት ያድናል። በዓመት አንድ ጊዜ በየቀበሌው ቢመጣ ስንት ልጅ ይተርፍ ነበር!

ሲመሽ ከአንድ የድንጋይ ቤት ደጃፍ ቆሜ፣ የድሮውን ወግ ጠብቄ፣ “የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ” አልኩ። ከውስጥ የሴት ድምፅ መለሰ፦ “ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ።” እናትየው ዳማን አይተው ጥቂት አመነቱ። ውሻ ደጅ ነው የሚያድረው። ባለቤታቸው ግን ቆረጡ፦ “አይሆንም። አገሩን አታውቅ፣ ጅብ ይበላታል። ከጥጆቹ ጋር ትደር።” ሽሮ በእንጀራ በላን። ኩበቱ ምድጃው ውስጥ ቀስ ብሎ ይጨሳል። ዝተት አለበሱኝ። ሌሊቱን ሁሉ ጅቡ ሲጮህ፣ የቤቱ ውሻ ሲመልስለት፣ ዳማም ከጥጆቹ መካከል ሆና ስታግዘው ሰማሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 25

ጠዋት ሰውየው ግማሽ ሰዓት ያህል ሸኙኝ። ሽኝት እዚህ አገር ለእንግዳ የሚደረግ የመጨረሻው መስተንግዶ ነው። ኮረብታው ጫፍ ላይ ቆመው አቅጣጫውን በዱላቸው አሳዩኝና “ምስራቁን ይዘህ ሂድ። መሬቱ ሲያልቅብህ አንኮበር ነው” አሉኝ።

እንዳሉትም ነው። ቀኑን ሙሉ ሜዳና ጉብታ ስትሄድ ትቆይና በድንገት ምድር ያልቃል። ከፊትህ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ደን፣ ከደኑ ወዲያ ሸንተረር በሸንተረር ላይ፣ ከዚያ ሁሉ ወዲያ አፋር በጉም ተሸፍኖ። የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ግድግዳ ይህ ነው። ዝናቡ የሚጠጋው ወደዚህ ነውና ከሜዳው ደረቅ ብርድ ወጥቼ ወደ እርጥብ ጉም ገባሁ። ጥዱና አስታው በሽበት የተሸፈነ ሽማግሌ ይመስላል።

ጭላዳዎቹን መጀመሪያ የሰማች ዳማ ናት። ጆሮዋ ቆመ፣ ቆማም ቀረች። ጉሙ ገለጥ ሲል ብዙ ሆነው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ዝንጀሮ ቢመስልም ኑሮው ሌላ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሣር ይነጫል፣ ማታ ገደሉ ላይ ያድራል። ደረቱ ላይ ቀይ ባዶ ቆዳ አለው። ዳማን አሳጥሬ ያዝኳት። አንድ ትልቅ ወንድ ብድግ ብሎ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱንና ድዱን አሳየን። ዳማ አንድ ጊዜ ጮኸች። ያን ጊዜ መንጋው በሙሉ ተነስቶ በገደሉ አፋፍ ወደ ታች ፈሰሰ። ዘልሎ አይደለም፤ እንደ ሰው ቤት ደረጃ ተረጋግቶ ነው የወረደው። እኔ ወደዚያ አፋፍ ለመጠጋት እግሬ አልታዘዘኝም።

ከዚያ ወዲህ ባለው የገብስ ማሳ ዳር አንድ የዘጠኝ ወይም የዐሥር ዓመት ልጅ ጅራፍ ይዞ ተቀምጧል። ሥራው ጭላዳን ከእህል መመለስ ነው። ከጎኑ ጆሮው የተቆረጠ ጥቁር ውሻ ተኝቷል። ልጁ ዳማን በባለሙያ ዓይን አያት።

“ትሮጣለች?”

“ትሮጣለች።”

“ዝንጀሮ ትመልሳለች?”

“አላስተማርኳትም።”

“ለእኔ ተዋት። በሁለት ሳምንት አስተምራታለሁ።”

ከልቡ ነው የተናገረው። ትምህርት ቤት ይሄድ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሰብል እስኪገባ ከወንድሙ ጋር በፈረቃ ነው የሚሄደው፤ አንዱ ሲማር አንዱ ይጠብቃል። ጭላዳው በሕግ የሚጠበቅ ብርቅ እንስሳ ነው፣ እኔም ላየው ብዬ መጥቻለሁ። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ይህ ልጅ ነው። ስለ ብርቅዬ እንስሳት ስናወራ ስሙን የማናነሳው ሰው እሱ ነው። ዳቦዬን ለሁለት ቆርጠን፣ ውሾቹም ተሽታትተው እስኪስማሙ ድረስ አብረን ተቀመጥን።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤላ ገባሁ። የዛሬው የአንኮበር ከተማ ጎረቤላ ነው። ማደሪያ ስጠይቅ ባለቤቷ ዳማን አይታ ወዲያው ፈቀደች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ “ውጭ ብታድር ነብር ይወስዳታል። ነብር ውሻ ይወዳል” አለችኝ። ከከተማው በታች ወደ ሰሜን የሚዘልቀው የወፍ ዋሻ ደን ነው። ዳማ አልጋዬ ሥር አደረች።

እሑድ፣ ጥቅምት 26

ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ኮረብታ ላይ ወጣሁ። ከቤተ መንግሥቱ የቀረ ነገር ጥቂት ነው። ከጥቂት የግንብ ቅሪት በቀር ሁሉም ጥድና ሣር ሆኗል። ግን ቆመህ ስታየው ነገሥታቱ ለምን እዚህ እንደሰፈሩ ይገባሃል። ከቆላ የሚመጣ ነጋዴም ሆነ ጠላት ገና ከሩቅ ይታያል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ሸዋን ሲገዙ የእንግሊዝን መልእክተኞች የተቀበሉት፣ በ1841 እ.ኤ.አ. የወዳጅነት ውል የተዋዋሉት በዚህ መንገድ ከመጡ ሰዎች ጋር ነው። የልጅ ልጃቸው ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመሄዳቸው በፊት መቀመጫቸው አንኮበር ነበረች።

በ1887 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደግሞ አርተር ራምቦ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ በግመል ጭኖ፣ በረሃውን ለወራት ተንገላቶ እዚህ ደረሰ። በወጣትነቱ የጻፋቸው ግጥሞች ዛሬ በዓለም ሁሉ ይነበባሉ። አንኮበር ሲደርስ ግን ጠመንጃውን የሚገዙት ምኒልክ አልነበሩም። ተከትሏቸው እንጦጦ ወጣ።

ከሰዓት ወደ ልጥ ማረፊያ ወረድኩ። ምኒልክ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ለኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር የሰጡት ቦታ ነው። ማኅበሩ የላከው ቡድን መሪ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የወፍና የአራዊት አጥኚ ነበር፤ በ1882 እ.ኤ.አ. ሞቶ እዚያው ተቀበረ። የአንኮበር ወፍ ግን ለእሱ አልታየችም። ትንሽ፣ ግራጫማ፣ ገደል ላይ የምትውል ወፍ ናት፤ ሳይንስ የመዘገባት በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። እኔም ፈልጌ አጣኋት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 27

ዛሬ መድኃኔ ዓለም ነው። ከሌሊት ጀምሮ ማሕሌቱ ይሰማል። ነጭ ለባሹ በየአቅጣጫው ዳገቱን ይወጣል። ዳማን ይዤ ወደ ቅጥሩ አልገባም፤ ከበሩ ራቅ ብዬ ከአንድ ወይራ ሥር ቆምኩ። ብቻዬን አልነበርኩም። ባለቤቶቻቸውን ተከትለው የመጡ የመንደር ውሾች እዚያ ተኝተው ይጠብቃሉ። ዳማም ከእነሱ ጋር ተኛች፣ ማንም አልተነካካም።

አንድ አረጋዊ ከጎኔ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው አልችል ብሏቸው ከውጭ ነው የሚያስቀድሱት። ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ።

“አልዩ አምባ፣ አባቴ።”

“በመኪና ነው?”

“በእግር፣ በድሮው መንገድ።”

ዘወር ብለው አዩኝ። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ገብስና ባቄላ በአህያ ጭነው ይወርዱበት ነበር። ተመላሹ ጨውና በርበሬ ነው። የማረፊያ ቦታዎቹን አንድ በአንድ ነገሩኝ፦ ምንጩ የት እንደሆነ፣ አህያ የሚንሸራተትበት ድንጋይ የት እንደሆነ፣ ወርካው ጋ ሲደረስ ለምን ጋቢ እንደሚወልቅ። እጄ ላይ ጽፌ ያዝኩት። በስልኬ ካለው ካርታ የእሳቸው ይበልጥ ነበር።

ቅዳሴው ሲያልቅ ጠበል ጠዲቅ ቀምሼ ቁልቁለቱን ጀመርኩ። መንገዱ ጠባብ ነው። የከብትና የሰው እግር ዐለቱን አለስልሶታል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ እግር የሚያርፍበት ጎድጓዳ ሆኗል። መኪና ያወጣው መንገድ ዳገቱን ይዞራል። ይህኛው ግን የሚደክመውን ሰው ያውቃል። ትንፋሽ የሚያጥርበት ቦታ ላይ ሜዳ አለ፣ ሜዳው ላይ ዛፍ አለ፣ ብዙ ሳይርቅ ውሃ አለ። አረጋዊው የነገሩኝ ምንጭ ከተባለበት ቦታ ነበር። ዳማ አፏን ነከረች፣ እኔም ከላይ በኩል ጠጣሁ።

በየሰዓቱ አገሩ ይለወጣል። ገብስና ባቄላ ቀረ፤ ስንዴና ጤፍ መጣ። ከዚያ ማሽላ፣ ጫት፣ ቁልቋል። ወርካው ጋ ስደርስ በእርግጥም ጋቢዬን አወለቅኩ። ዳማ ምላሷን አውጥታ ጥላ ጥላውን መሄድ ጀመረች። ደጋን ከቁርስ በፊት ትቶ ቆላን ከእራት በፊት መግባት በእግር የሚቻለው እንዲህ ባለ ቦታ ብቻ ነው።

እዚያ ወርካ ሥር ብዙ ተቀመጥኩ። ስለ መንገዱ ክብር ብቻ ማሰብ አልቻልኩም። በዚህ ቁልቁለት ሰዎች ታስረው ወርደዋል። ከደቡብና ከምዕራብ የተያዙ ወንዶች፣ ሴቶች፣ ይልቁንም ልጆች። ከአልዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል የሚባል የባሪያ ገበያ ነበር። ከዚያ ወደ ታጁራ፣ ከታጁራ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ዓረብ አገር። እኔ የጠጣሁትን ውሃ እነሱም ጠጥተዋል፤ እኔ ያረፍኩበት ጥላ ሥር አርፈዋል። ሽቅብ የሚመለሱበት ቀን ግን አልነበራቸውም። ስለ አንኮበር ሲነገር ቤተ መንግሥቱ፣ ግብሩ፣ ውሉ ይነገራል። ይህም መነገር አለበት። ቢያንስ አንድ ድንጋይ ቆሞ፣ እዚህ እንዲህ ያሉ ሰዎች አልፈዋል የሚል ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል። አንድም አላየሁም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 28

አልዩ አምባ በጠባብ ሸንተረር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ማታ ስገባ አዛን ይሰማ ነበር። የአካባቢው ሕዝብ አርጎባ ነው፤ በንግድና በሽመና የታወቀ፣ ከጥንት ጀምሮ ሙስሊም የሆነ ሕዝብ። ከሲራራው ጋር ሐረሬው፣ አፋሩ፣ ከደጋ የሚወርደው ገበሬ፣ ሁሉም እዚህ ይገናኝ ነበር።

ውሻ ይዞ ሙስሊም ሰፈር መግባት እንዴት ይሆን ብዬ አስቤ ነበር። ሻይ ልጠጣ የተቀመጥኩበት ቤት ባለቤት ዳማን አይተው ምንም አላሉም። ገብተው በሸክላ ስባሪ ውሃ አምጥተው ከደጅ፣ ከጥላ ሥር አስቀመጡላት። “ዕቃዬን አትንካብኝ እንጂ ጥማቷማ ጥማት ነው” አሉኝ። ለተጠማ ውሻ ውሃ በመስጠቱ አላህ የማረው ሰው ታሪክም ነገሩኝ። ዳማ ሁለት ጊዜ አስሞላች።

ልጃቸው ሸማኔ ነው። መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ እየላከ ስለ መንገዱ ጠየቀኝ። እሱ አንኮበር የሚወጣው በመኪና ነው፤ በእግር የሄደው አንድ ጊዜ፣ ያውም ልጅ ሆኖ ነው። ምንጩ ዛሬም እንዳለ ስነግረው እጁን ከሥራው አቆመ። “እውነት? አያቴ ሲያወሩለት ደርቋል ብዬ ነበር” አለኝ። የት እንዳለ አስረድቼው፣ እጄ ላይ የጻፍኩትንም ወረቀት ላይ ገልብጬ ሰጠሁት።

ከፊት ፋሬ አለ፤ ከዚያ አዋሽ። ለዳማ ግን ሙቀቱ ከዚህ በላይ አይሆንም። መመለሻ የሚሆን አንድ ማሽላ የጫነ አይሱዙ አገኘሁ። ሾፌሩ ውሻ አልጭንም አለ። የክትባት ደብተሩን አሳየሁት፤ አላነበበውም። ሽማግሌው ከደጃቸው ሆነው ጣልቃ ገቡ፦ “ከአንኮበር በእግሯ ወርዳለች፣ ውሃዬን ጠጥታለች። እንግዳዬ ናት።” ሾፌሩ ሳቀ። ለእኔ የአንድ ሰው ሒሳብ፣ ለእሷ የግማሽ ሰው አስከፍሎን ከማሽላው ጆንያ ላይ ወጣን።